ለሥነ ጥበብና ለቅርስ ብቻ የሚሆን ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ክፍል ተነስቶ እንዴት ያድጋል?

«አንድ ክፍል ተሰጥቶናል፣ መጽሐፍ እናመጣለን ያሉንም አሉ፤ ከየት እንጀምር?» ይህ ጥያቄ ከመሐል ሜዳም፣ ከአንኮበርም፣ ከእነዋሪም፣ ከሸዋ ሮቢትም ይመጣብኛል። ጠያቂው አንዳንዴ የትምህርት ቤት የባህል ክበብ ነው፣ አንዳንዴ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ጡረታ የወጡ መምህር። በስልክ የተነገረ ነገር ግማሹ መንገድ ላይ ስለሚቀር ጻፍኩት። ለጠቅላላ ቤተ መጻሕፍት ግን አይሆንም፤ ሥዕል፣ ሽመና፣ ብራና፣ ሕንፃ፣ ዜማ፣ ቁፋሮ፣ የቅርስ ጥበቃ በመሳሰሉት ላይ ብቻ ለምታሰባስቡ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ፣ ሁለት (አንዱ ለገቢ፣ አንዱ ለአንባቢ ጥያቄ)
• እርሳስና ላጲስ። እስክሪብቶ ለገቢ መዝገቡ ብቻ
• ማኅተም፣ ቀለሙ የማይፈስ
• የእርጥበት መለኪያ። ትንሿ ባለ ባትሪዋ ትበቃለች
• የብረት መደርደሪያ፤ ካልተገኘ በደንብ የደረቀ እንጨት
• ለስላሳ አዲስ የቀለም ብሩሽ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ
• ነጭ የጥጥ ጥብጣብ (የተገነጠለ መጽሐፍ ማሰሪያ)፣ ክዳን ያላቸው ካርቶኖች፣ ትላልቅ ፖስታዎች
• ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢቶች
• ኮምፒውተር፣ ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፣ ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ

በዝርዝሩ ውስጥ ፕላስተርና የማጣበቂያ ቴፕ የሌሉት ሆን ተብሎ ነው። ቴፕ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይቢጫል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሲላጥ ደግሞ ፊደሉን ይዞ ይነሳል።

1. ወሰናችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ

ከመጽሐፉ በፊት ወረቀቱ ይቅደም። ሦስት ክበብ ሳሉ። በመሐለኛው ክበብ ያለውን ሁሉንም ትሰበስባላችሁ፤ ስለ አካባቢያችሁ ጥበብና ቅርስ የተጻፈ ማንኛውም ነገር፣ ሁለት ገጽ በራሪ ወረቀትም ቢሆን፣ እዚህ ይገባል። ለመንዝ ሰው ይህ የበግ ጠጉር ሥራ ነው፤ ባናው፣ ዝተቱ፣ በርኖሱ። ለአንኮበር ሰው የነገሥታቱ መቀመጫ ፍርስራሽና የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። በሁለተኛው ክበብ ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ጥበብና ቅርስ በጥቅሉ የተጻፈውን እየመረጣችሁ ታስገባላችሁ። ሦስተኛው ውስጥ ከውጭው ዓለም መመሪያና መዝገበ ቃላት ብቻ ይግባ፤ ሻጋታ እንዴት እንደሚጸዳ፣ የድሮ ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያስረዳ ዓይነት።

ከገጹ ግርጌ የማትቀበሉትን ጻፉ፦ የትምህርት ቤት መማሪያ፣ አጠቃላይ ልብ ወለድ፣ የሃይማኖት ስብከት፣ የተበጣጠሰ ኢንሳይክሎፔዲያ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መጽሐፍ ጭኖ የመጣን ሰው ፊት ለፊት «አልቀበልም» ማለት በእኛ አገር ከባድ ነው። ወረቀቱ ካለ ግን እናንተ ሳትሆኑ ወረቀቱ እንቢ ይላል። ስጦታ ስትቀበሉም በአንድ መስመር «ቤተ መጻሕፍቱ የማያስፈልገውን ለሌላ ቤተ መጻሕፍት የማስተላለፍ መብት አለው» የሚል ፊርማ ያዙ፤ ያለዚህ ከዓመታት በኋላ አንዲት መጽሐፍ ማንሳት ጸብ ይሆናል።

የተለመደ ስህተት፦ «ለጊዜው ይቀመጥ» ብሎ 300 የአሮጌ መማሪያ መጻሕፍት መቀበል። ለጊዜው የተቀመጠ ነገር ቦታ ይዞ ይቀራል፤ የልዩ ቤተ መጻሕፍታችሁ ፊትም ይጠፋል።

2. ክፍሉን ለክረምት አዘጋጁ

የደብረ ብርሃን ብርድ የመጽሐፍ ጠላት አይደለም። ጠላቱ እርጥበት ነው፣ ከእርጥበቱም በላይ የቀንና የሌሊቱ መለዋወጥ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ የውጭው የድንጋይ ግድግዳ ሌሊት በጣም ይቀዘቅዛል፤ ቀን ሰው ሲተነፍስበት የዋለው የክፍሉ አየር እዚያ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ወደ ውሃነት ይለወጣል። መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ ሻጋታው የሚጀምረው ከኋላ፣ ከማታዩት ቦታ ነው።

እኔ ራሴ በመጀመሪያው ክረምት ቦታ ለመቆጠብ ብዬ መደርደሪያውን አስጠግቼ ሁለት ረድፍ የኤግዚቢሽን ካታሎግ አበላሽቻለሁ። የሥዕል መጽሐፍ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሲረጥብ ገጹ ከገጹ ይጣበቃል፣ ደርቆ ከተጣበቀ በኋላ ደግሞ የሚያላቅቀው ነገር የለም።

ስለዚህ፦

• መደርደሪያውን ከተቻለ ከውስጥ ግድግዳ ጋር አቁሙ። ከውጭው ግድግዳ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።
• የታችኛው ረድፍ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ውሃ ሲገባ የሚመጣው ከታች ነው፤ ምስጥም እንዲሁ።
• የእርጥበት መለኪያውን ጠዋትና ማታ አንብባችሁ ጻፉ። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ65 በላይ ለቀናት ከቆየ ሻጋታ ይነሳል።
• በሐምሌና በነሐሴ ጉም ሲወርድ፣ በተለይ አንኮበርና ጣርማበር አካባቢ ያላችሁ፣ መስኮት አትክፈቱ። ፀሐይ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ ብቻ ክፈቱ። «ይናፈስ» ተብሎ ጉም ማስገባት የተለመደ ጥፋት ነው።
• ቆርቆሮው የሚያፈስበትን ቦታ ከሰኔ በፊት ፈልጉ። የላይኛው ረድፍ ላይ ሰፊ ፕላስቲክ ዘርጉ፤ መጻሕፍቱን ግን አትጠቅልሉ፣ ታፍነው ይሻግታሉ።
• ፀሐይ በቀጥታ የምትመታውን መስኮት በወፍራም መጋረጃ ሸፍኑ። ብርሃን ቀለም ይበላል፣ የተበላው ደግሞ አይመለስም።

ማስጠንቀቂያ፦ ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል አታስገቡ። ጥቀርሻው ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በላይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ከሰል ሰው ይገድላል።

ቆላ ላላችሁ፣ ለሸዋ ሮቢት በተለይ፣ ዋናው ጉዳይ ምስጥ ነው። የብረት እግር ያለው መደርደሪያ ተጠቀሙ፤ በየወሩ ከግድግዳውና ከወለሉ ጥግ የአፈር መስመር እንዳለ በባትሪ እዩ። ምስጥ ሳይታይ የሚሄደው በዚያ በአፈር መስመሩ ውስጥ ነው።

ስለ መደርደሪያው ጥንካሬም አንድ ነገር፦ የሥዕል መጽሐፍ ከባድ ነው። በአንድ ሜትር 40 ኪሎ እንደሚጫን አስባችሁ አሠሩ፤ ሰሌዳው ከ90 ሳንቲ ሜትር ከረዘመ መሐሉ ይጎብጣል። ትላልቆቹን ማቆም ጀርባቸውን ስለሚሰብር አጋድሟቸው፤ ከሦስት በላይ ግን አትደራርቡ።

3. ሌላ ቦታ የማይገኘውን አስቀድሙ

ገንዘብ ያገኘ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ትልቁን ባለ ቀለም መጽሐፍ ለመግዛት ነው። ተዉት፤ እሱ ነገም አዲስ አበባ ይገኛል። ነገ የማይገኙት እነዚህ ናቸው፦ የኤግዚቢሽን መጥሪያና ካታሎግ፣ የበዓል መጽሔት፣ የደብር ምረቃ በራሪ ጽሑፍ፣ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሠራው የቅርስ ቆጠራ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የፎቶግራፍ አልበም። በጥቂት ቅጂ ይወጣሉ፣ በሳምንት ውስጥ ይጣላሉ። ልዩ ቤተ መጻሕፍት ሰው ከሩቅ የሚመጣበት ለእነዚህ ነው።

ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በደብዳቤ ጻፉ፤ ስለ አካባቢያችሁ የተሠሩ የመመረቂያ ጽሑፎችን ዝርዝር ጠይቁ። መጀመሪያ ዝርዝሩ ይበቃል፤ ምን እንዳለ ማወቅ ራሱ ስብስብ ነው። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ካላችሁ ከብሔራዊ ሙዚየም፣ ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ ከጎተ ኢንስቲትዩትና ከአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ኤግዚቢሽኖች ሁለት ሁለት ካታሎግ እንዲያመጣ አደራ በሉት፤ አንዱ ለመደርደሪያ፣ አንዱ ለልውውጥ። ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እናንተ የሌላችሁን የምትልኩለት ጎረቤት ነው፤ አንባቢያችሁን «እዚያ ሂድ» ማለት መቻል አገልግሎት ነው።

በራሪ ወረቀቱን በስታችሁ ክላሰር ውስጥ አታስገቡ፤ ፖስታ ውስጥ፣ ፖስታውን ካርቶን ውስጥ። የብረት ስቴፕል ካለበት በጥንቃቄ አውጡት፤ በእኛ ክረምት ዝጎ ወረቀቱን ይበላል።

4. ሳይመዘገብ መደርደሪያ ላይ አይውጣ

ለገቢ መዝገቡ ስምንት አምዶች አስምሩ፦ ተራ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ ደራሲ፣ ርዕስ፣ የታተመበት ቦታና ዓመት፣ ከማን በምን መንገድ እንደተገኘ፣ ሲገባ የነበረበት ሁኔታ፣ ማስታወሻ። ቁጥሩ ዕድሜ ልክ ነው፤ መጽሐፉ ቢጠፋም ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። «ሲገባ የነበረበት ሁኔታ» የሚለውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ኋላ የተቀደደ ገጽ ሲገኝ እናንተ ጋ እንደተቀደደ ወይም ተቀዶ እንደመጣ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ ተጠንቀቁ። ሽፋኑ ላይ «1972» ብቻ ካለ የማን አቆጣጠር ነው? የአማርኛ መጽሐፍ ነው ተብሎ አይገመት፤ የማተሚያ ቤቱን ገጽና መግቢያውን እዩ። ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጨምሩ። ስታዛምዱም የእኛ ዓመት በሁለት የእነሱ ዓመት ላይ እንደሚያርፍ አትርሱ፤ 1996 ዓ.ም. ማለት 2003/04 እ.ኤ.አ. ነው። ዝም ብሎ 8 መደመር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ያሳስታል።

ማኅተሙን ከርዕስ ገጹ ጀርባ አሳርፉ፤ ሥዕል ላይ በጭራሽ። ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ጫናው ፊት ለፊት ይታያል፣ ቀለሙም ያልፋል።

5. ስምና ፊደል (ብዙ ሰው የሚወድቅበት)

የውጭ አገር ካታሎግ መመሪያ «የቤተሰብ ስም አስቀድም» ይላል። የእኛ ሁለተኛ ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፣ የአባት ስም ነው። ስለዚህ በራስ ስም ግቡ። አንኮበር የተወለደው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ «አ» ላይ ይገኝ እንጂ «ተ» ላይ አይፈለግ። የውጭ መጻሕፍት ግን ገልብጠው ስለሚጽፉት «ተክሌ፣ አፈወርቅ፦ አፈወርቅ ተክሌ የሚለውን ይመልከቱ» የሚል መሪ መስመር ጨምሩ።

ጥምር ስምን አትክፈሉ። የሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ የራስ ስም «ገብረ ክርስቶስ» ነው፤ ኮምፒውተር «ክርስቶስ» የአባቱ ስም ይመስለዋል፣ ለይቶ አያውቅም፤ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ማዕረግ፣ «አለቃ»ም ሆነ «ዶክተር» ወይም «ብላታ»፣ ከስሙ በኋላ በቅንፍ ይግባ፤ ፊት ከገባ ግማሹ ሠዓሊ «አ» ላይ ይከማቻል።

አሁን ፊደሉ። «ሥዕል» ብሎ የጻፈ አለ፣ «ስዕል» ያለም፣ «ሥእል» ያለም፣ «ስእል» ያለም። ኤክሴል ላይ አንዱን ብትፈልጉ ሦስቱን አያመጣላችሁም። መፍትሔው ፊደል ማረም አይደለም፤ ርዕሱ እንደታተመ ይቀመጣል። ከጎኑ «መፈለጊያ» የሚል አንድ ተጨማሪ አምድ አድርጉ፤ እዚያ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ፣ ዘራቸውም እንደዚሁ። «ሥዕል» ስእል ይሆናል። «ቤተ ክርስቲያን» እና «ቤተክርስቲያን» ደግሞ ክፍተታቸው ተነስቶ አንድ ይሁኑ። አንባቢ የሚፈልገው በዚህ አምድ ነው፤ በፊደል ተራ ስትደረድሩም በዚሁ ደርድሩ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ ሠ እና ሰ-ን በየቦታቸው ይበትናቸዋል።

ያላችሁ ከ1,000 በታች ከሆነ ኤክሴል ይበቃችኋል። ከዚያ ካለፈ ኮሃ የተባለው ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር አለ፣ የእኛን ፊደልም ይቀበላል፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ሰው ሳይኖር ኮሃ የጫኑ ሁለት ቦታዎች አውቃለሁ፣ ሁለቱም ወደ ደብተር ተመልሰዋል። አምዶቻችሁ ከመጀመሪያው ንጹሕ ከሆኑ መሻገሩ ቀላል ነው።

6. የመደብ ቁጥር ስጡ

የዴዊን አከፋፈል (መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳያቸው በቁጥር የሚመድበውን ሥርዓት) ተጠቀሙ፤ ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት ጋር ስለሚያግባባችሁ። ለእናንተ የሚበዙት እነዚህ ናቸው፦

025.84 የመጻሕፍት ጥበቃ፤ 069 ሙዚየም፤ 091 የብራና መጻሕፍት፤ 281.75 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፤ 390 ወግና ልማድ፤ 398 ሥነ ቃል፤ 492.81 ግእዝ፤ 709.63 የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ፤ 726 የአምልኮ ሕንፃ፤ 738 ሸክላ፤ 739 የብረታ ብረት ጥበብ፤ 746 ሽመናና ጥልፍ፤ 759.963 የኢትዮጵያ ሥዕል፤ 770 ፎቶግራፍ፤ 780 ሙዚቃ፤ 930.1 ሥነ ቁፋሮ፤ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ።

ከዚህ በላይ ቁጥሩን አታስረዝሙ። በመሐለኛው ክበብ ያለው ላይ ግን «ሰሸ» (ሰሜን ሸዋ) የሚል ምልክት ከቁጥሩ በፊት ጨምሩና ለብቻው አንድ መደርደሪያ ስጡት። ስለ በርኖስ የተጻፈ 746 ላይ፣ ስለ መንዝ በግ የተጻፈ ደግሞ 636.3 ላይ ስለሚሄድ ሁለቱ ሳይተያዩ ይቀራሉ፤ «ሰሸ» ያገናኛቸዋል።

7. ብራና ይዞ የመጣ ሰው

ይመጣል። ማታ፣ በነጠላ ጠቅልሎ፣ «የአያቴ ነው» ብሎ ይመጣል። አትግዙ፤ በስጦታም አትቀበሉ። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚመራ ነው፤ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። አንዴ የገዛ ቤተ መጻሕፍት ለሌባ ገበያ ከፈተ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ደብር በሩን አይከፍትላችሁም።

እናንተ የምትይዙት ምስሉንና መግለጫውን ነው። ፎቶ ለማንሳት ከመሄዳችሁ በፊት ቀድሞ ተነስቶ እንደሆነ አጣሩ፦ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ብዙ የሸዋ አብያተ ክርስቲያናትን መጻሕፍት ቀርጿል፤ ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ብዙውም ተመዝግቦ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። የራሳችሁን ደብር መጽሐፍ እዚያ ስታገኙት ትደነግጣላችሁ።

ካልተነሳ የሰበካ ጉባኤውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፤ የሚገልጠው የደብሩ ሰው ይሁን። እጅ ታጥቦ ይድረቅ፤ ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ ገጽ ያስቀድዳል። መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ አትዘርጉ፤ ከሁለቱም ወገን ጋቢ አጥፋችሁ ደግፉት። ውሃ፣ ሙቀት፣ ቅባት አይንኩት፤ የተጨማደደ ብራና በካውያ «ሲቃና» ጠንክሮ ይሰባበራል። ጧፍ ይራቅ።

8. ማንሳትና ማስቀመጥ

ፍላሽ አጥፉ። ከመስኮት የሚመጣ፣ ፀሐይ ያልመታው ብርሃን ይበቃል። ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ጠርዙ ላይ ማስመሪያ ይታይ፤ ያለ ማስመሪያ መጠኑ አይታወቅም። የመጀመሪያው ምስል ቁጥርና ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይሁን። ፋይሉን በመዝገብ ቁጥርና በምስል ተራ ሰይሙት፦ 0147_003። «አዲስ የመጨረሻ ሁለት» የሚባል ፋይል አይኑር።

ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሁለቱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ከሃርድ ዲስኮቹ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ፍላሽ ዲስክ ማመላለሻ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። የሸማኔ ወይም የፈታይ ድምፅ ስትቀዱ ስሙን፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ፈቃዱን ራሱ ሲናገር በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ያዙ፤ ወረቀቱ ቢጠፋ ድምፁ ይመሰክራል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ሙሉ መጽሐፍ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ አገልግሎት አይደለም።

9. ብልና በረሮ

አዲስ የገባ ሁሉ በታሰረ ከረጢት ውስጥ ለሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ። ዱቄት የመሰለ ብናኝ ወይም ትንንሽ ቀዳዳ ካያችሁ አየሩን አስወጥታችሁ እንደታሰረ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፤ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ከሆነ አንድ ሳምንት፣ 18 ከሆነ ሁለት። ካወጣችሁ በኋላ ከረጢቱን ለ24 ሰዓት አትክፈቱ፤ ከተከፈተ ጤዛ መጽሐፉ ላይ ያርፋል። ብራና፣ ፎቶግራፍና ሥዕል ግን ፍሪዘር አይገቡም። የተባይ መርዝ ወረቀት ላይ አትርጩ፣ ናፍታሌንም አትበትኑ፤ የሚታመመው አንባቢው ነው። ቡናና ቆሎ ከክፍሉ ውጭ።

10. ማሳደግ

ከየመደርደሪያው ሩብ ያህሉን ባዶ ተዉ፤ ሞልቶ የተደረደረ ስብስብ አንድ መጽሐፍ ሲገባ አሥር ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛውን ደብተር አንባቢ ጠይቆ ያጣውን ሁሉ መዝግቡበት፤ ምን እንደጠየቀ፣ መቼ፣ የት እንደላካችሁት። ሦስት ሰው የጠየቀው ነገር ቀጣዩ ግዢያችሁ ነው። ኮሚቴው የወደደው አይደለም።

ቆጠራውን ጳጉሜን ላይ አድርጉት፤ አንባቢ አይበዛም፣ ክረምቱም እየወጣ ስለሆነ የሻገተውን በዚያው ታያላችሁ። ሁለት ሰው ይበቃል፦ አንዱ መዝገቡን ያነብባል፣ አንዱ መደርደሪያው ላይ ይፈልጋል። ያልተገኘውን በእርሳስ ብቻ ምልክት አድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባ ወድቆ ወይም በተሳሳተ ቁጥር ተሰክቶ ይገኛል። በቀጣዩ ዓመት ጳጉሜንም ካልተገኘ ያኔ በቀለም «የጠፋ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀኑንም ጨምሩ።